ወንድሜን አስሮ ስላስቀረው ንጹሕ ጋዋን የቀረበ ምስጋና

ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
አያት፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ ወልደጻድቅ
የማስረጃ ዕቃዎች አያያዝና ክትትል ማዕከል ዋና ኃላፊ
ቦሌ፣ አምስተኛ ፎቅ

የተከበሩ አቶ ወልደጻድቅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ ደህና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። የምመኘው በጭፍን ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ ለሃያ ሦስተኛ ጊዜ ከቢሮዎ በር ስደርስ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ ጤንነትዎን በዓይኔ ለማረጋገጥ አልታደልኩም። በበሩ ክፍተት ግን ሸሚዝዎን አይቻለሁ። እንደ ሁልጊዜው ነጭ ነበር፤ አንገትጌው ላይ እንኳ አንዳች ጠብታ የለበትም። በሙያዬ ምክንያት የሰው ሸሚዝ ሳላይ ማለፍ አልችልምና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሚያጥብልዎ ሰው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እኔ የሺመቤት እባላለሁ። አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ቦሌ በሚገኝ አንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ የነበረው፣ እኔ ያሳደግሁት ወንድሜ አብኔዘር ባልፈጸመው ግድያ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተፈርዶበት ሰባተኛ ዓመቱን በማረሚያ ቤት ይዟል። ከእሱ ጋር በአንድ መዝገብ የተፈረደበት ጓደኛው ቴድሮስ ግን ባለፈው ዓመት የካቲት በላቦራቶሪ ምርመራ ነፃ ወጥቶ፣ ከእኔ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእናቱ ከወይዘሮ ሃረገወይን ጋር ይኖራል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለፍትሕ ተቆርቁሬ ነው ብዬ ብጀምር ያምርብኝ ነበር። እውነቱ ግን ቀንቼ ነው።

ሰው በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፣ በልጁ ውጤት ይቀናል፣ በአዲስ ሶፋ ይቀናል። እኔ የቀናሁት በአንዲት ወረቀት ነው። ወይዘሮ ሃረገወይን የላቦራቶሪውን ውጤት በመስታወት ፍሬም አስገብታ ሳሎኗ ውስጥ ከመድኃኔዓለም ሥዕል በስተግራ ሰቅላዋለች። ጨው ልዋስ ብዬ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቤቴ ጨው ሞልቶ እያለም የምገባበት ቀን አለ። ወረቀቱ «በጋዋኑ ላይ የተገኘው ደም የሰው ደም አይደለም፤ የቀንድ ከብት ደም ነው» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የሰው ጸሎት ግን ለእኔ አልሠራልኝም።

እርስዎ ስብሰባ ስለሚበዛብዎ፣ ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን ስለማያውቁት ከመነሻው ልናገር። አብኔዘርና ቴድሮስ ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የአቶ መኩሪያ ሥጋ ቤት ሥጋ ቆራጮች ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቄራ የመጣውን አንድ በሬ ከመኪና ሲያወርዱ ቴድሮስ የፊቱን፣ አብኔዘር የኋላውን ተሸክመው አስገቡ፤ የሁለቱም ነጭ ጋዋን በደም ራሰ። በማግሥቱ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ሥጋ አይሸጥም። የአቶ መኩሪያ ሠራተኞች በጾም ቀን ቤቱን ያጥቡና ጋዋናቸውን በፌስታል ቋጥረው ለማሳጠብ ወደየቤታቸው ይወስዳሉ፤ ከዱሮ ጀምሮ የቤቱ ሥርዓት ይኸው ነው።

በዚያች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ወደ ታክሲ በሚሄዱበት መንገድ ዳር ባለ ጅምር ሕንፃ ውስጥ አንድ አረጋዊ የጥበቃ ሠራተኛ በስለት ተወግተው ሞተው ተገኙ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ የገደላቸው ሰው ማን እንደሆነ ሚስታቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። ሁለት ወጣቶች ፌስታል አንጠልጥለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲሄዱ አየሁ የሚል ሰው ተገኘ። ፌስታሎቹ ሲከፈቱ ደም የነካው ጋዋን ወጣ። ልጆቹ የበሬ ደም ነው አሉ፤ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ በኋላ ችሎት ላይ «በጾም ቀን የምን በሬ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለሰሚ ጥሩ ስለነበር መልሱን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ደሙ እንዲመረመር ለላቦራቶሪ የተጻፈው ደብዳቤም ከጋዋኖቹ ጋር በስፒል ተያይዞ በእናንተ መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ተኛ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልተጻፈ ነገር እርስዎ ዘንድ እንደማይነበብ ጸሐፊዎ ነግራኛለችና።

አንደኛ። ስለ ደግነታችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹ በተያዙ ማግሥት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቁርስ ቋጥሬ ጣቢያ ሄድኩ። የታሰረ ሰው ያለው ቤተሰብ ሁሉ ወጉን ያውቀዋል፤ ስንቅ ይዞ ይገባል፣ የቆሸሸ ልብስ ተቀብሎ ይወጣል። ተረኛ የነበረው ኮንስታብል ኤርሳዶ የወንድሜን ሸሚዝና ካልሲ ሲያቀብለኝ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል አውጥቶ ጨመረልኝና «ይቺም የእሱ ናት፤ እጠቢለት፣ ልጁ ንጹሕ ለብሶ ፍርድ ቤት ይቅረብ» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ያየኋቸውን ባለሥልጣናት ሁሉ ደምሬ የኤርሳዶን ያህል ደግ ሰው አላገኘሁም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ፌስታሉን ጠረጴዛው ሥር ትቶት ይሄድ ነበር፣ ወንድሜም ዛሬ ቤቱ ነበር።

ሁለተኛ። ሙያዬን ስለመሰከራችሁልኝ አመሰግናለሁ። የደም እድፍ እንደ ሌላው እድፍ አይደለም፤ ሙቅ ውኃ ከነካው ጨርቁ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ይዘፈዘፋል፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታሻል፣ በመጨረሻ በረኪና ይገባና ፀሐይ ይመታዋል። በሆቴላችን ለሚቀጠሩት ሁሉ የማስተምረው ይህንኑ ነው። የወንድሜን ጋዋን ግን ለማሽንም ለሰውም አልሰጠሁም፤ አራት ውኃ ቀይሬ በእጄ አጠብኩት፣ ስፌቱ ውስጥ የገባውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አስለቀቅሁት። እያለቀስኩ ስለነበር ከወትሮው ይበልጥ ተጠነቀቅሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስት ባለሙያዎች በመሣሪያ መርምረው «ለምርመራ የሚበቃ የደም ቅሪት አልተገኘም» ሲሉ ፈርመው ማኅተም መቱበት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም።

ሦስተኛ። ስለ መዝገብ አያያዛችሁ ጽናት አመሰግናለሁ። ዓርብ ዕለት ልብሱን ተኩሼ፣ አጥፌ፣ ከምሳው ጋር ስመልስ ሌላ ተረኛ ነበር። ጋዋኑን ከመሐል ለየና «ይሄማ ኤግዚቢት ነው» ብሎ በማዕከላችሁ ሥር ወዳለው የኤግዚቢት ክፍል አስገባው፤ እኔን ምንም አልጠየቀኝም። መዝገቡ ደግሞ ረቡዕ ዕለት ተሞልቶ አልቋል፦ «አንድ ነጭ ጋዋን፣ ደም ያለበት» ይላል። እኔ ደሙን ከጨርቁ ላይ አወጣሁት፤ ከመዝገባችሁ ላይ ግን የሚያወጣው በረኪና እስከ ዛሬ አልተሠራም። ጋዋኑ በካኪ ፖስታ ታሽጎ ችሎት ቀረበ። ዐቃቤ ሕጉ ፖስታውን በጣታቸው እያሳዩ «ይህ ደም የነካው ልብስ» እያሉ ሲናገሩ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ፖስታውን የከፈተ የለም። በዚያ ችሎት ውስጥ ፖስታው ውስጥ ያለው እንደ በረዶ ነጭ መሆኑን የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ። ስለ ሳይንሱ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ስላቅ አይደለም። ባለፈው ዓመት ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጥ ቤዛዊት የምትባል ወጣት ጠበቃ መዝገቡን አገላብጣ ሁለቱም ጋዋኖች ላቦራቶሪ እንዲሄዱ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጣች። በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን ሄዱ። የሰው ደምና የከብት ደም እንዴት እንደሚለይ ቤዛዊት ስታስረዳኝ ደነገጥሁ፤ ከደረቀው ደም ጥቂት ፍቆ በፈሳሽ ማሟሟትና የሰው ደም ሲሆን ብቻ ምልክት የሚሰጥ ነገር ላይ መጨመር ነው፤ ለውጤቱ ግማሽ ቀን አይሞላም። ግማሽ ቀን ለሚፈጅ ሥራ ቴድሮስ አምስት ዓመት ከአራት ወር ታስሮ ጠበቀ፤ ይሁን፣ ጠብቆም ቢሆን ደረሰው። አብኔዘር ግን ያንኑ በሬ ነው የተሸከመው። የአንድ በሬ የፊት ብልት አንዱን አስፈታ፣ የኋላው ብልት ሌላውን አሰረ። በበሬ እንኳ የምቀና ሰው አድርጋችሁኛል።

አምስተኛ። ስለ አስተሳሰባችሁ ጥራት አመሰግናለሁ። ወንድሜ የታሰረው ጋዋኑ ደም ስላለበት ነበር። ላቦራቶሪው ጋዋኑ ደም የለበትም ሲል የምትፈቱት መስሎኝ ለጉዞ የሚሆን ጫማ ገዝቼ ነበር። የእናንተ ማዕከል ግን ለፍርድ ቤቱ በላከው ማብራሪያ፣ ዕቃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእጃችን አልወጣም፤ አሁን ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ደግሞ ተከሳሹ ማስረጃ ለማጥፋት ያደረገውን ጥረት ያሳያል አለ። እንግዲህ ወንድሜ ታስሮ ሳለ፣ በእናንተ ቁልፍ የተቆለፈን ጋዋን በግድግዳ ውስጥ አልፎ አጥቦ፣ ፀሐይ አስጥቶ፣ ተኩሶ መልሶ አስቀምጦታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለውን ሰው ዐሥራ ስድስት ዓመት ከማሰር ሆቴላችን ቢቀጥረው ይሻል ነበር።

ስድስተኛ። ስለ አንዲት መስመር ደብዳቤ። ፍርድ ቤቱ ለአብኔዘር አንድ በር ትቶለታል፦ ጋዋኑ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጣቢያው ወጥቶ ለቤተሰብ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከማዕከላችሁ እስከ የካቲት 10 ከቀረበ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፤ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ከዛሬ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ የለመንኩዎት ይህንኑ መስመር ነው። እርስዎ በሰጡኝ ብቸኛ ቀጠሮ ላይ፣ ያውም ቆመው፣ እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ከእኛ ዘንድ ዕቃ አይወጣም፤ ዕቃ ስለማይወጣ የወጪ መዝገብ የለንም፤ የወጪ መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ደግሞ ጋዋኑ አልወጣም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ቀዳዳ አጣሁለት። ቀጥለውም «ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ አርፈሽ ብትቀመጪ ይሻልሻል» በማለት በአባትነት መከሩኝ። ለምክርዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ኤርሳዶን ፈልጌ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ወደ ሆሳዕና ተመልሷል። በስልክ ነገሩን ስነግረው «እኔ ለደግ ብዬ ነው፤ ብጠየቅ ግን አልክድም፣ እህቴ» አለኝ። ቃሉን ለመቀበል ደብዳቤ ጻፉለት ብዬ ባመለክት፣ ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ሥራው የሚጠየቅበት አሠራር የለም ተባልኩ። ቴድሮስም «የተሸከምነው አንድ በሬ ነው» ብሎ ሊመሰክር በራሱ እግር ቢሮዎ መጥቶ ነበር፤ የተፈታ ሰው ለታሰረ ሰው ምስክር አይሆንም ብላችሁ መለሳችሁት። ያ ልጅ አሁን የስልክ ታክሲ ይነዳል። ውኃ ሦስተኛ ፎቅ በማይደርስበት ቀን ጄሪካኔን ሳልጠይቀው ተሸክሞ ያወጣልኛል፤ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ዓይኑን ይሰብራል። እኔም ሲያቀረቅር እያየሁ ሰውነቱ እንዴት እንደተመለሰ፣ ጉንጩ እንዴት እንደሞላ እለካለሁ። መልካም ልጅ ነው። መልካምነቱ ራሱ ያናድደኛል።

ሰባተኛው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለጎረቤቴ ነው፤ ግን እርስዎም ቢሰሙት አይከፋም።

ወይዘሮ ሃረገወይን ልብስ ማጠብ አትወድም። ይህን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። በረንዳዋ ላይ ሳምንት ሙሉ የተዘፈዘፈ ባልዲ አይጠፋም፤ እኔም ስወጣ ስገባ አይቼ «የሴት ልጅ ቤት እንዲህ ይሆናል?» እያልኩ በልቤ ስፈርድባት ኖሬአለሁ። ልጆቹ በተያዙ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጣቢያ ስትሄድ ያው ኤርሳዶ የቴድሮስን ፌስታል ሊሰጣት እንደነበርና ሳትወስደው እንደተመለሰች ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ቴድሮስ ሲፈታ ነገሩን በዚሁ ሒሳብ ደመደምኩት፤ የሰነፏን ልጅ ስንፍናዋ አስፈታው፣ የትጉዋን ወንድም ትጋቷ አሰረው። ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ያስወሰደኝ ይህ ሐሳብ ነበር፤ ሰው በጎረቤቱ ዕድል ሲቀና ቢያንስ ዕድል ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል።

ቴድሮስ የተፈታ ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሽንኩርት ከትፌአለሁ፣ እንግዳ አስተናግጃለሁ፣ እልልም ብያለሁ። ከሁሉም ሰው ረዝሞ የተሰማው የእኔ እልልታ ነበር፤ የቀና ሰው እንዳይታወቅበት ያበዛዋል። ሳህን ስናነሣ ብቻችንን ሆንን። እኔም እንደ ቀልድ አድርጌ «ሃረጉ፣ እንኳንም ልብስ ማጠብ ጠላሽ» አልኳት። እሷም አልሳቀችም። «የሺ ሓፍተይ፣ ጠልቼ አይደለም» አለችኝ፣ በትግርኛዋ እህቴ ስትል። «ፌስታሉን ሲሰጠኝ ልጄ የበሬ ደም ነው ብሎኛል፣ ይቀመጥ፣ እነሱው ይመርምሩት አልኩት። የልጄን ቃል በውኃ ላጥፋው?»

ያነሣሁትን ሳህን መልሼ አስቀመጥኩት። አቶ ወልደጻድቅ፣ ችሎት ላይ ዝም ያለችው ሴት ለምን ዝም እንዳለች እነሆ። ፌስታሉን ቤቴ ወስጄ ስከፍት ደሙን አየሁ። ወንድሜ ደጋግሞ የበሬ ነው ብሎኛል። እኔ ግን የሰው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ያጠብኩት ለንጽሕና አልነበረም፤ ያጠብኩት ስላላመንኩት ነው። ስፌቱን በብሩሽ ያሻሁት፣ በረኪናውን ሁለት ጊዜ ያፈሰስኩት፣ ማንም ምንም እንዳያገኝበት ብዬ ነው። በችሎትም ዝም ያልኩት ፖስታው ቢከፈት ይጠይቁኛል፣ ብናገር አስይዘዋለሁ ብዬ ነው። አንዲት እናት ልጇን አምና የቆሸሸ ልብስ ትታ ሄደች፣ እኔ ወንድሜን ጠርጥሬ ንጹሕ ልብስ መለስኩ። በሃረገወይን ልጅ መፈታት የምቀናው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው። የቀረው ቅናቴ ልጇን ያለ ላቦራቶሪ በማመኗ ነው።

ውጤቱ የመጣ ሳምንት ማረሚያ ቤት ስጠይቀው አብኔዘር «ጋዋኔ እንዴት ነጣ?» አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ «እትዬ የሺ፣ አንቺ ሳታጥቢ ማደር መች ታውቂና» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና በፍርግርጉ በኩል እያየኝ «የሰው ደም መስሎሽ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ዘንቢሌን ከፍቼ ምሳውን ማውጣት ጀመርኩ፤ እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማመጣለትን ምግብ ይቀበላል፣ ሰላምታም አይነፍገኝም። የቆሸሸ ልብሱን ግን አይሰጠኝም፤ በገዛ እጁ ማጠብ ጀምሯል። ስሄድ ባዶ ዘንቢል ይዤ እመለሳለሁ። በቀላል ባቡሩ ላይ አጠገቤ የሚቀመጡ ሴቶች የባሎቻቸውን፣ የልጆቻቸውን ልብስ በፌስታል ታቅፈው ሳይ በእነሱም እቀናለሁ።

እንግዲህ የተከበሩ ሆይ፣ ቅናቴን ሁሉ ዘርግፌ ጨርሻለሁ። በጎረቤቴ፣ በልጇ፣ በፍሬሟ፣ በበሬው፣ በባቡሩ ተሳፋሪ፣ አልፎ አልፎም በእርስዎ ሸሚዝ ቀንቻለሁ። ከዚህ በላይ የምቀናበት ስላጣሁ ወደ ሥራ ብንገባ ይሻላል።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝም ጊዜ ሁሉ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን የእንጨት ወንበርዎን በዐሥራ አንድ ወር ያሳሳኋት፣ የጸሐፊዎን ልጆች ስም በሙሉ የማውቅ፣ በማዕከልዎ የጸና አሠራር ወንድሜን ያጣሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የሺመቤት
የልብስ እጥበት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለፖሊስ ጣቢያው
ለጠበቃ ቤዛዊት
ለወንድሜ ለአብኔዘር
ለሁለተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስረጃ ማጥፋት ወንጀል ነው ብለው የመከሩኝን በደንብ አስቤበታለሁ፤ ልክ ነዎት። ስለዚህ የፊታችን ሰኞ፣ የካቲት 2፣ ጠዋት፣ ጋዋኑን አጥቤ ማስረጃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ እጄን ለመስጠት ጣቢያው እቀርባለሁ። ከሆቴሉ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ አብኔዘርም ይህን ደብዳቤ ከማንም በፊት አንብቦታል። ቤዛዊት እንደምትለው እኔን ለመክሰስ ጋዋኑ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ እኔ እንደመጣ በክሱ ላይ መጻፍ፣ ማዕከልዎም አረጋግጦ መፈረም ግዴታ ነው። ሲፈርሙ ቀኑን እንዳይሳሳቱ አደራ፤ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።